ፈታኙን የሚፈትን ማኅበር

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ድሬፐር በምትባል ከተማ፣ ዱክ ፓወር የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ አንድ ማመንጫ ጣቢያ ነበረው። ጥቁሮች በዚህ ጣቢያ የሚቀጠሩት በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ነበር። የዚያ ክፍል ትልቁ ደመወዝ ነጮች ብቻ የሚሠሩባቸውን የሌሎች ክፍሎች ትንሹን ደመወዝ እንኳ አያህልም። በዘር ለይቶ መቅጠርን የሚከለክለው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 2 ቀን 1965 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያውም በዚያው ቀን አዲስ መስፈርት አወጣ፤ ከጉልበት ሥራ ውጭ ባለ ክፍል መቀጠር የሚፈልግ ሰው ሁለት የጽሑፍ ፈተና ማለፍ አለበት አለ። የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ደግሞ ቀድሞም ይጠየቅ ነበር።

አሥራ ሦስት ጥቁር ሠራተኞች ከሰሱ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1971 ስምንት ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው። ዲፕሎማ ሳይኖራቸው፣ ፈተናም ሳይቀመጡ ድሮ የተቀጠሩ ነጮች ሥራቸውን በደንብ ይሠሩ፣ ዕድገትም ያገኙ እንደነበር ፍርድ ቤቱ ልብ ብሏል። ታዲያ መስፈርቱ ለምን አስፈለገ? አንድን ወገን ከበር የሚመልስ ፈተና ከሥራው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው ተባለ።

ማስረዳቱ ግን ሙያ ይጠይቃል። የዚህ ሙያ ባለቤቶች በአሜሪካ የተሰባሰቡበት የኢንዱስትሪና የድርጅት ሳይኮሎጂ ማኅበር ይባላል፤ አባላቱ በአጭሩ «ሳዮፕ» ይሉታል። የተጀመረው በ1945 የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር 14ኛ ክፍል ሆኖ ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ብሩስ ሙር ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ በ1986 ቺካጎ ላይ የራሱን ዓመታዊ ጉባኤ ጀመረ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ አማካሪዎች፣ በኩባንያና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ባለሙያዎችና ተማሪዎች አባል ይሆናሉ።

ዓላማው ሲነገር አጭር ነው። የሙያውን ሳይንስ፣ አሠራርና ትምህርት በማስፋፋት በሥራ ቦታ የሰው ደህንነትም የሥራ ውጤትም እንዲያድግ ማድረግ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው «ራእይና ተልዕኮ» ብዙም የሚለይ አይመስልም። ማኅበሩን ለማወቅ የሚያወጣቸውን ሰነዶች ማየት ይሻላል።

ዋነኛው በ1975 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው፣ ሠራተኛ ለመምረጥ በሚውሉ ፈተናዎች ላይ የሚያተኩረው የመርሆዎች ሰነድ ነው፤ አምስተኛው እትም በ2018 ወጥቷል። ሰነዱ ይህን ፈተና ተጠቀሙ፣ ያንን ተዉ አይልም። በቅድሚያ ሥራው ምን እንደሆነ ይጠና፤ ከዚያ ፈተናው ያንን ሥራ በደንብ የሚሠራውንና የማይሠራውን እንደሚለይ በማስረጃ ይታይ፤ ማስረጃውም ሌላው ባለሙያ ሊመረምረው በሚችል መንገድ ይጻፍ ነው የሚለው።

ቃለ መጠይቅን እንውሰድ። አንድ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ሊቀጥር ነው እንበል። በተለመደው መንገድ ሦስት አለቆች ይቀመጡና «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ይላሉ፤ አንዱ የአመልካቹን ትምህርት ቤት ያውቀዋል፣ ሌላው የአነጋገሩን ለዛ ወዶታል፣ ሲወጣ «ጥሩ ልጅ ነው» ይባባላሉ። የዚህ ሙያ ሰዎች የሚጀምሩት አመልካች ከመምጣቱ በፊት ነው። ጆን ፍላናጋን የተባለ ሳይኮሎጂስት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ አየር ኃይል ጋር ሲሠራ ያዳበረውና በ1954 በጽሑፍ ያብራራው ዘዴ አለ። ነባር ሠራተኞችና ተቆጣጣሪዎች እውነተኛ ገጠመኝ እንዲናገሩ ይጠየቃሉ፤ ከፋዩ በጣም ጥሩ የሠራበት፣ ወይም ነገር ያበላሸበት ቀን ምን ሆነ? አንዷ ተቆጣጣሪ፣ ሰልፉ በር ድረስ በደረሰበት ሰዓት አንድ ደንበኛ «ብሬ ጎድሏል» ብሎ ሲጮህ ከፋዩ ምን እንዳደረገ ትናገራለች። ያ ገጠመኝ ጥያቄ ይሆናል። መልሱም አስቀድሞ ደረጃ ይወጣለታል፤ ከደንበኛው ጋር የሚከራከር 1፣ ይቅርታ ብሎ የሚያልፍ 3፣ ሰልፉን ለሌላ መስኮት አስረክቦ ደንበኛው ፊት መልሶ የሚቆጥር 5። ለሁሉም አመልካች ያው ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ይቀርባል። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ከመነጋገራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነጥብ ይሞላሉ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ አለቃ አንዴ «ይሄ ልጅ ይሁን» ካለ በኋላ ግን ማን ተቃራኒ ይሞላል?

እንዲህ ያለው ቃለ መጠይቅ ከወሬው ቃለ መጠይቅ እንደሚሻል ሲባል የቆየ ነገር ነው። ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሃንተር በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን ጠቅልለው ባወጡት ጽሑፍ ለአጠቃላይ የአእምሮ ችሎታ ፈተና ትልቁን ቦታ ሰጥተው ነበር፤ ሠንጠረዣቸው ከሃያ ዓመት በላይ በየመማሪያ መጽሐፉ ሲጠቀስ ኖረ። በ2022 ግን ፖል ሳኬት፣ ራሱ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው፣ ከባልደረቦቹ ጋር ስሌቱን መልሶ ከፈተውና ቁጥሮቹ ከሚገባው በላይ ተነፍተዋል አለ። በአዲሱ ስሌት የአእምሮ ችሎታ ፈተና ከቦታው ወረደ፤ በደንብ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ቀዳሚ ሆነ። በዓመት የሚቆጠር የሥራ ልምድ ደግሞ በሁለቱም ጽሑፎች ደካማ መለኪያ ነው። የገዛ ሙያቸው የቆመበትን ቁጥር እንዲህ የሚያፈርሱ ሰዎች ያሉበት ማኅበር፣ በእኔ ግምት፣ ከዓላማው መግለጫ ይልቅ በዚህ ይታመናል።

ችግሩ ምርምሩ ከአሠሪው ጠረጴዛ አለመድረሱ ነው። ሣራ ራይንስ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በ2002 ባወጣችው ጥናት የሰው ሀብት ባለሙያዎች ምርምር ያረጋገጠውን ሲጠየቁ በብዙ ነጥብ ተቃራኒውን ያምኑ ነበር። ሳዮፕ ይህን ክፍተት መድፈን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል፤ ጉባኤውም አጥኚውንና ሠሪውን በአንድ አዳራሽ ያስቀምጣል።

ወደ ዓላማው ሌላ ግማሽ፣ ወደ ሠራተኛው ደህንነት፣ እንምጣ። እዚህ ላይ ማኅበሩ ብቻ ሳይሆን ሙያው ሁሉ የሚከሰስበት ነገር አለ። ታሪክ ጸሐፊው ሎረን ባሪትዝ በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ በኢንዱስትሪ የሚሠሩ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎችን የባለሥልጣን አገልጋዮች ብሏቸዋል። ክሱ ከባድ ነው፤ መሠረት የለውም ግን አይባልም። የአማካሪውን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ነው። አሠሪው ደግሞ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ምርት እንጂ የማሽን ሠራተኛዋ ማታ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ አይደለም። ከሙያው ውስጥ ይህን ጥያቄ ያነሱም ነበሩ። አርተር ኮርንሃውዘር በዲትሮይት የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞችን አጥንቶ በ1965 ያወጣው መጽሐፍ፣ ሥራው እየተደጋገመና ችሎታ የሚጠይቀው እያነሰ በሄደ ቁጥር የሠራተኛው የአእምሮ ጤና ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ዛሬ ስለ ሥራ ጫና፣ ስለ መዛልና ስለ ሥራና ቤተሰብ ግጭት የሚደረገው ምርምር በጉባኤው ሰፊ ቦታ አለው። ደህንነትና የሥራ ውጤት ሲጋጩ የትኛው ይቅደም ለሚለው ግን በዓላማው መግለጫ ውስጥ መልስ የለም፤ መኖር ነበረበት።

ማኅበሩ ከ2011 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት ልዩ የምክክር ደረጃ አለው። በ2023 ደግሞ አመልካቾችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚመዝኑ ፈተናዎች ምክረ ሐሳብ አወጣ፤ ጭብጡ ያው ነው፣ ኮምፒዩተር የሰጠውም ነጥብ ከሥራው ጋር መገናኘቱ ይረጋገጥ ነው። አሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ለካሜራ እየተናገሩ ቃለ መጠይቅ በሚሰጡበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማኅበሩ አሠሪን የሚያስገድድ ሥልጣን የለውም። አስገዳጁ ሕግና ፍርድ ቤት ነው፤ ማኅበሩ መለኪያውን ያቀርባል። እኛ ዘንድ የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ «አማካይ ውጤት ከዚህ በላይ፣ የሥራ ልምድ ይህን ያህል ዓመት» ይባላል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰው የምትቀጥሩ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ከሥራው እውነተኛ ገጠመኝ የወጡ አምስት ጥያቄዎችን ቀድማችሁ ጻፉ፤ ለሁሉም እኩል ጠይቁ፤ ነጥባችሁንም ከመነጋገራችሁ በፊት ለየብቻ ሙሉ። ወጪው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።