«ሆዳም» ከማለታችን በፊት

 

ያገራችን ሰው ያለ ልክ ለሚበላና ለሚጠጣ ሰው ስም አያጣም። ሳያላምጥ የዋጠውን «ሰለቀጠው»፣ በአንድ ትንፋሽ የጠጣውን «ጨለጠው»፣ ጠጥቶ የማይበቃውን «ተጋተው» ይላል። ሰውየውን ደግሞ «ሆዳም»፣ «ስግብግብ» ብሎ ይጠራዋል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ዉልፍ» ተኩላ ማለት ሲሆን፣ ተስገብግቦ መብላትንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። እኛ «እንደ ጅብ» እንደምንለው መሆኑ ነው። «ጎርጅ» የሚለው ሌላው ቃላቸው ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ጉሮሮ ነው።

ዲናችንም ከልክ ማለፍን ይከለክላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሆዳችን ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንድንተው፣ ስንጠጣም በሦስት ትንፋሽ እንድንጠጣ አስተምረውናል። ስለዚህ እነዚህ ቃላት ለተግሣጽ ሲውሉ አይከፋም። የሚከፋው የታመመን ሰው ስንሰድብባቸው ነው።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ከጋይንት ገጠር የመጡ አንዲት እናት የትል መድኃኒት ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ልጁ ውኃውን ይጨልጠዋል፣ እንጀራውን ይሰለቅጠዋል፣ ግን ከስቶ አለቀ። ወንድሞቹ ጅቡ እያሉ ይስቁበታል» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳልጠይቅ መድኃኒቱን ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ስኳር ኖሮበታል። አልሐምዱሊላህ ተረፈ። እኔ ግን «ሌሊት ለሽንት ይነሣል ወይ?» ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምንበላው ምግብ የሚገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነታችን እንዲገባ ኢንሱሊን የተባለው ቅመም ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ሲጎድል ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ግን ይራባል። ሰውየው እየበላ የሚከሳው ለዚህ ነው። ትርፉ ስኳር በሽንት ሲወጣ ውኃም ይዞ ስለሚወጣ ጥሙ አይቆረጥም።

ብዙዎቻችን ስኳር የወፍራምና የባለጸጋ በሽታ ይመስለናል። በእኛ አካባቢ ግን ይህ ብቻ አይደለም። በጎንደር የሚሠሩ ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭን ድሆች መሆናቸውን ጠቅሰው፣ በሽታው ከምግብ እጥረት ጋር ስለሚኖረው ግንኙነት እንደገና እንዲታሰብ ጠይቀዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። ድርቅ እየተመላለሰ ለሚጎዳቸው ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ስለዚህ ከቤተሰባችሁ አንዱ እንደ ወትሮው ወይም ከወትሮው በላይ እየበላ ቢከሳ፣ ጥሙ አልቆረጥ ቢል፣ ሌሊት ለሽንት ቢመላለስ ወይም አድጎ ሳለ መኝታውን ማርጠብ ቢጀምር፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ይጀመራል። እነዚህ ምልክቶች እያሉ በማንኛውም ሰዓት የተለካው ስኳር 200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው ማለት ነው። ማስታወክ፣ በኃይል መተንፈስ፣ የፍራፍሬ ዓይነት የአፍ ሽታ ወይም መፍዘዝ ከታየበት ግን ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ኢንሱሊን የተጀመረለትም በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር፤ አላህ ለታመመ ሰው መጾምን አላስገደደም።

በመጨረሻም፣ ምግብ የሚያስበላ ሕመም ስኳር ብቻ አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም እየበሉ መክሳት አለ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ። እናም ከማዕዱ ዙሪያ አንዱን «ሆዳም» ለማለት ምላሳችን ሲፈጥን፣ እስኪ አስቀድመን «ሌሊት ትነሣለህ ወይ?» እንበለው። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። አሚን።