ያለ ደወል መማር

በትምህርት ቤት ውስጥ ጊዜን የሚለካላችሁ ደወል ነው። መምህሩ በሰዓቱ ይገባል፤ የክፍሉ አለቃ ስም ይጠራል፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ ይጠየቃል። በኢንተርኔት አማካይነት በሚሰጥ ትምህርት ግን ደወሉም፣ አለቃውም፣ ተቆጣጣሪውም ተማሪው ራሱ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ዓይነቱ ትምህርት ከመግባታችሁ በፊት መመርመር የሚገባችሁ የመሣሪያውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የራሳችሁንም ጠባይ ነው።

መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ሳይገናኙ መማማራቸው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 አይዛክ ፒትማን የተባለ እንግሊዛዊ ቃላትን በምልክት አሳጥሮ የመጻፍን ጥበብ በፖስታ ያስተምር ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥንም በየተራቸው ለዚሁ ተግባር ውለዋል። በአገራችንም በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ትምህርታቸውን ለመከታተል የሞከሩ ነበሩ፤ መሣሪያ ያልነበረው ግን ብዙ ነበር።

እንዲህ ያለውን ትምህርት መጀመር ቀላል፣ መፈጸም ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ በነጻ ቀረበ። የተመዘገበው ሰው ቁጥር 160,000 ያህል ነበር። እስከ መጨረሻው የዘለቀው ግን ከሰባቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ያቋረጡት ሁሉ ሰነፎች ነበሩ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ መመዝገብና መማር የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ ዝግጁነት በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ፣ ጊዜን በመወሰን ነው። «ሲመቸኝ አጠናለሁ» ለሚል ሰው የሚመቸው ቀን አይመጣለትም። የጥናት ሰዓታችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለቤተሰባችሁ አሳዩ፤ በዚያ ሰዓት ወደ ገበያ ወይም ወደ ወፍጮ ቤት እንዳትላኩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሁለተኛ፣ መሰናክልን አስቀድሞ በማሰብ ነው። መብራት ሊጠፋ፣ መስመርም ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ መስመር ሲኖር ንባቡን አውርዱ፤ ዋና ዋናውን ነጥብም በደብተር ጻፉ። ደብተር ባትሪ አያልቅበትም። ያው ስልክ የጨዋታና የወሬ በርም ስለሆነ በጥናት ሰዓት ሌላውን ሁሉ ዝጉ።

ሦስተኛ፣ አሳብን በጽሑፍ በመግለጽ ነው። በክፍል ውስጥ ትምህርቱ ያልገባው ተማሪ ከፊቱ ይታወቃል፤ በሩቅ ያለ መምህር ግን ፊቱን አያይም። «አልገባኝም» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ረዳት ያጣል። «የሁለተኛው ምሳሌ ሦስተኛ መስመር ከየት እንደ መጣ አልገባኝም» ብሎ የሚጽፍ ግን የሚያስረዳው ያገኛል። በዚህ መጽሐፍ የምትለማመዱት ድርሰት የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውም ሳይውል ሳያድር ይቅረብ፤ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላልና።

በመጨረሻም ራሳችሁን በሐቅ ፈትኑ። ማንም ሳያዛችሁ ለሰባት ቀን በየቀኑ አንድ ሰዓት አጥኑ፤ ስንቱን ቀን እንደ ፈጸማችሁም ቁጠሩ። ሦስት ቀን ብቻ ቢሆን ተስፋ አትቁረጡ። በሚቀጥለው ሳምንት አራት አድርጉት። ራስን መግዛት በልምምድ የሚገኝ ጠባይ እንጂ ከሰው ጋር የሚወለድ ስጦታ ብቻ አይደለም።

መልመጃ

1. «ደብተር ባትሪ አያልቅበትም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በምንባቡ ውስጥ ምን ያስረዳል?
2. «አልገባኝም» የሚለውን አንድ ቃል መምህር ሊመልሰው ወደሚችል የተሟላ ጥያቄ ለውጡ።
3. የሰባት ቀን ፈተናችሁን ውጤት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።