ናፍጣውን የጠጣው ሾፌሩ ነው ወይስ ዳገቱ?

«መኪናህ በሊትር ስንት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ መኪና ያላቸው ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋጀ ነው። ላንድክሩዘር የያዘው «ስምንት» ይላል፤ ሃይሉክስ የያዘው «አሥር» ይላል። ጨዋታው እዚያው ቢያበቃ ማንም አይጎዳም ነበር። ችግሩ ይህች ቁጥር ከቡና ጠረጴዛ ተነሥታ ቢሮ ስትገባ ነው። በስምሪት ክፍሉ መዝገብ ላይ «ይህ መኪና በሊትር 8 ኪሎ ሜትር» ተብላ ትሰፍራለች። ከዚያ በኋላ የሾፌሩ ታማኝነት የሚመዘነው በእሷ ነው። ከቁጥሯ በላይ የፈጀ ሾፌር «የት አደረስከው?» ይባላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሌ የሚሠራ አንድ ሾፌር እንዲህ ያለውን የጉድለት ደብዳቤ ይዞ ምክር ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ድርጅቱን አልጠቅሰውም። ሰውየው የሚመላለሰው ከሮቤ በጎባ አድርጎ ደሎ መና ነው። ፍጆታው የተተመነለት ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ነው። «ጋሼ፣ ናፍጣ አይጠጣ ነገር! የት ላደርሰው እችላለሁ?» አለኝ። የሕግ ሰው ነኝና ማስረጃው የት እንዳለ ጠየቅሁ። ማስረጃው ያለው በመንገዱና በሞተሩ ውስጥ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በከፍታ ከአዲስ አበባ ብዙም አትርቅም። 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ለሚመላለስ ሰው የአዲስ አበባው ቁጥር ያን ያህል አያሳስትም። ከጎባ ወደ ደቡብ ሲኬድ ግን መንገዱ 4,000 ሜትር ከፍታ ወዳለው የሳኔቲ አምባ ይወጣል። ቀይ ቀበሮ ያለበት፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ የቆመበት አምባ ነው። መንገዱ በአፍሪካ ውስጥ ከፍተኛ ከሚባሉት የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። አምባውን ካቋረጠ በኋላ በሪራ አድርጎ የሐረናን ደን ሰንጥቆ ይወርዳል፤ ደሎ መና ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሾፌሩ በአንድ የደርሶ መልስ ጉዞ ሲሄድ ከጎባ ጀምሮ 1,300 ሜትር ያህል፣ ሲመለስ ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ዳገት ይወጣል። በድምሩ 4,000 ሜትር መሆኑ ነው።

ወደ ሞተሩ እንለፍ። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ቆጣቢ የሆነበት ምክንያት አለው። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ጉልበት ይይዛል። ሞተሩ ደግሞ አየሩን ከቤንዚን ሞተር አብልጦ ስለሚያምቅ ከዚያ ጉልበት የበለጠውን ወደ ጎማ ያደርሳል። ነገር ግን ናፍጣ ያለ አየር አይነድም። ሮቤ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሳኔቲ ላይ ደግሞ ሦስት አምስተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ ያለው መኪና አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በከፊል ይተካል። በአገራችን በብዛት የምናውቀው፣ ቱርቦ የሌለው የላንድክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር ሞተር ግን የሚተነፍሰው ያገኘውን ብቻ ነው። ፖምፓው ለከፍታው ካልተስተካከለ ናፍጣውን እንደ ቆላው ይረጫል፤ አየሩ አይበቃም፤ ትርፉ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያ ጭስ በብር የተገዛ ናፍጣ ነው። ጉልበት ያነሰው ሾፌር በበኩሉ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን እያስጮኸ ይወጣል፤ ፍጆታውም ይጨምራል።

ሦስተኛው ነገር ክብደት ነው። ሰውና ዕቃ የጫነ ላንድክሩዘር 2,500 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ይህን ክብደት 1,300 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት፣ ሞተሩ ከናፍጣው ሲሶውን ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ አድርገን ብናሰላው፣ ወደ 2.7 ሊትር ይመጣል። ይህ መኪናውን ወደ ፊት ለመግፋት ከሚያስፈልገው በተጨማሪ የሚወጣ ነው። ከደሎ መና ለመመለስ ደግሞ ለመውጣቱ ብቻ ከ5 ሊትር ተኩል በላይ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሠራተኛው «ዳገቱ የበላውን ቁልቁለቱ ይመልሰዋል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ ሲወርድ ፖምፓው ናፍጣ ማቅረቡን ያቆማል። ነገር ግን ቁልቁለት ፍጆታን ወደ ዜሮ ከማውረድ በላይ ሊያደርግ አይችልም፤ ታንክ ውስጥ ናፍጣ አይጨምርም። የተረፈውን ጉልበት ፍሬኑና ሞተሩ ሙቀት አድርገው ይበትኑታል። በነገራችን ላይ ለመቆጠብ ብለው በፍሪ የሚወርዱ ሾፌሮች ይሳሳታሉ። በፍሪ ሲወረድ ሞተሩ ላለመጥፋት ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል፤ ፍሬኑ ብቻውን ሸክሙን ሲሸከም ይግላል፤ ሐረና ላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል።

በዚህ ላይ የዕለት ተዕለቱን ጥቃቅን ነገር ጨምሩበት። በሮቤ ብርድ ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ ቁርስ መብላት፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሳሉ ሳያጠፉ መጠበቅ፣ ባዶውን ዓመቱን ሙሉ የሚሸከሙት ፖርቶመጋላ፣ የጎደለ የጎማ ንፋስ፣ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መንዳት፣ ሁሉም ይበላሉ። ትልቁ የናፍጣ ሞተር ቆሞ እየሠራ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊጠጣ ይችላል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ደርሶ መልሱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሊትር 8 ከተባለ 31 ሊትር ይበቃል። በዚህ ዳገት መኪናው በሊትር የሚሄደው 6.5 ከሆነ ግን 38 ሊትር ተኩል ይፈልጋል። ልዩነቱ በአንድ ጉዞ 7 ሊትር፣ በወር አራት ጊዜ ለሚመላለስ ሾፌር 29 ሊትር ያህል ነው። የናፍጣ ዋጋ በሐምሌ 2014 በሊትር 49 ብር ገደማ ነበር፤ በጥር 2017 ወደ 99 ብር ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በጥር 2017ቱ ዋጋ እንኳ የወር «ጉድለቱ» ከ2,800 ብር በላይ ነው። ከአንድ ሾፌር ደመወዝ ላይ ይህ ሲነሣ ቤቱ የሚጎድለውን ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሮቤ ላይ ታንኩን «ፉል» አድርጎ ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ፣ ደርሶ ተመልሶ እዚያው ማደያ እንደገና «ፉል» ማድረግ፣ የተጓዙትን ኪሎ ሜትር ሁለተኛ በተሞላው ሊትር ማካፈል ነው። መነሻና መድረሻው አንድ ቦታ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የከፍታው ልዩነት ያታልላል። ሦስት ጊዜ ደግሞ አማካዩን መውሰድ ይበቃል። ከግንቦት 2015 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲሸጥ ስለተደረገ እያንዳንዱ ግዢ ቀንና ብር ይዞ ይመዘገባል። ማስረጃ አጣሁ የሚል አሠሪ ይህን ያስብ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ከተነገረ ወዲህ፣ ያሉት የናፍጣ መኪኖች እያረጁም ቢሆን ብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም። ፍጆታቸውም ከዕድሜያቸው ጋር እየተለካ መታደስ ይኖርበታል።

ሕጉን ደግሞ አንርሳ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በገዛ ፈቃዱ ብቻ ከሠራተኛ ደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶው በላይ አይሆንም። ስርቆት አለ የሚል ወገን ደግሞ ማስረዳት የእሱ ነው። በሌላ መንገድ ላይ የወጣ ቁጥር ብቻውን ስርቆትን አያስረዳም።

ናፍጣ የሚሰርቅ ሾፌር የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። ሌባውን ለመያዝም የሚረዳው ይኸው ልኬት ነው። በመስመሩ ላይ በትክክል የተለካ 6.5 ኪሎ ሜትር ካለ፣ 5 ብሎ የመጣውን በልበ ሙሉነት መጠየቅ ይቻላል። ሳይለኩ መጠየቅ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ከሌባው ጋር ጨዋውንም ያስቀይማል። የስምሪት ኃላፊዎች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ፣ የሚቀጥለውን የጉድለት ደብዳቤ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን ጋቢና ውስጥ ተቀምጣችሁ ሳኔቲን ውጡ።