ቁርና የጓሮ ኩሬ

ሶደሬ ላይ ቆሞ፣ ከከርሠ ምድር የፈለቀው ፍልውሃ እንፋሎቱን እያትጎለጎለ ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚመለከት ሰው፣ በጓሮው ያስቆፈረው የዓሣ ኩሬ በቁር ሊጎዳ ይችላል ቢሉት መሳቁ አይቀርም። ሆኖም በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ከደመና ሲጠራ፣ ምድር ቀን ያከማቸችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለችና፣ ውሃው ከጉልበት የማያልፍ ኩሬ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ አብሯት ሲቀዘቅዝ ያድራል። በዕለተ ሐሙስ ከተፈጠሩት የውሃ ፍጥረታት መካከል፣ ከቆቃና ከዝዋይ ሐይቅ የሚጠመደው ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ ይበላል፣ ይፋፋል፤ ከ20 ሲወርድ መራባቱን ያቆማል፤ ከ16 ሲወርድ ምግብ ያስጠላዋል፤ ወደ 10 ከተጠጋም ይሞታል። ስለዚህ ኩሬው ቢያንስ 1 ሜትር ይጥለቅ፤ ጥልቅ ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም።

በረዶ በሚጋገርባቸው አገሮች ግን ነገሩ ሌላ ምሥጢር አለው። ውሃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ወደ ላይ ወጥቶ በረዶ ሲሆን፣ ካርፕን የመሰለው ቁር የለመደ ዓሣ ከሥር ባለው ውሃ በዝግታ ይከርማል። የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ብርዱ ሳይሆን በበረዶው ሥር መታፈኑ ነው። ባለኩሬውም በበረዶው ላይ የፈላ ውሃ የያዘ ድስት አስቀምጦ መስኮት ያቀልጥለታል እንጂ በመዶሻ አይቀጠቅጠውም፤ ንዝረቱ ዓሣውን ይጎዳልና።

ይህ መታፈን በረዶ በማያውቀው በሶደሬ ኩሬም አለ፤ እንዲያውም እኔ ከብርዱ ይልቅ እርሱን እፈራለሁ። የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል፤ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም ቀን የሰጠውን ሌሊት መልሶ ይወስዳል። ጎሕ ሲቀድ ወደ ኩሬው የወረደ ሰው፣ ቆሮሶዎቹ ከውሃው ገጽ ተሰልፈው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲገጥሙ ካየ፣ ርቧቸዋል ብሎ ፉርሽካ እንዳይበትን፤ የቸገራቸው ትንፋሽ ነው፤ ይልቅስ ንጹሕ ውሃ ከፍ ካለ ቦታ እየተንፏፏ ይግባላቸው። (አምባዛን አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ እርሱ ብቅ ብሎ ከአየር መተንፈስ ተሰጥቶታል።)

በብርዱ ወራት ፍልውሃውን በቀጥታ ወደ ኩሬው መልቀቅ የሚያምራቸው አሉ። ከምድር አሁን የወጣ ፍልውሃ ግን ኦክሲጅኑ ጥቂት ነው፤ ሙቀቱም በድንገት ሲመጣ ዓሣውን ይጎዳል። በረጅም ቦይ እየፈሰሰ፣ በሌላ ጉድጓድ አድሮ፣ እጅ ሲነከርበት ለብ ያለ ሆኖ ሲገኝ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። መኖውም በማለዳ አይሰጥ፤ ፀሐይ ውሃውን ካሟሟቀችው በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በአንድ እፍኝ ተጀምሮ ዓሣው ያንን ሲጨርስ ሌላው ይደገም።