ቅጠሉ ለምልሞ አበባው ለምን ይቀራል?

ሲገዛ አብቦ የነበረ ተክል ቤት ገብቶ ጥቂት ወራት ሲቆይ ቅጠል ብቻ ሆኖ መቅረቱ በብዙ ቤት የሚታይ ነው። «የኔ እጅ ለአበባ አይሆንም» በማለት ተስፋ ቆርጠው ተክሉን ከነጣሳው የሚጥሉ ወይዛዝርትም ጥቂት አይደሉም። ውድ አንባቢ፣ ጥፋቱ የእጅዎ ሳይሆን የተክሉ መቀመጫ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጣልዎ በፊት ቦታውን ይመልከቱ።

ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲያንስ ያዘጋጀው ምግብ ለቅጠሉ ብቻ ይበቃና ለአበባ የሚተርፍ አይኖርም። በሳሎን ጥግ ያስቀመጡት ጀራኒየም ግንዱ እየቀጠነና እየረዘመ ወደ መስኮት ካዘነበለ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው። ጀራኒየም በቀን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ትውልዱ ከታንዛንያና ከኬንያ የሆነው አፍሪካን ቫዮሌት ግን የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ስለሚያቃጥለው፣ የጧት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ወይም ከስስ መጋረጃ ጀርባ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። አፈሩ ሁልጊዜ ከጨቀየ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስለሆነም ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ አስገብተው ይሞክሩ፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። በክረምት ደመናው ብርሃኑን ስለሚቀንስና አፈሩም ቶሎ ስለማይደርቅ ውሃውን ማሳነስ ይገባል። በዘይት ወይም በወተት ጣሳ የሚተክሉ ከሆነ ደግሞ ታችኛውን ክፍል በሚስማር መብሳት አይርሱ።

«ርቦት ነው» ብሎ ዩሪያ መነስነስም አይጠቅምም። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ስለሆነ ቅጠል እንጂ አበባ አያበዛም፤ ሲበዛም ሥር ያቃጥላል። በሚገባ የበሰበሰ ፍግ በጥቂቱ ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ ይበቃል። ወደ በጣም ሰፊ ዕቃ ማዛወርም ተክሉ ሥር በማብዛት እንዲጠመድ ስለሚያደርገው አበባውን ያዘገያል። የጠወለገውን አበባ ግን ከነአገዳው ይቀንጥሱ፤ ዘር ለማፍራት ሊውል የነበረው ጉልበት ለአዲስ እምቡጥ ይሆናል።

ጥላ የለመደውን ተክል በአንድ ቀን ከኃይለኛ ፀሐይ ላይ አያውጡት፤ በየጥቂት ቀኑ ወደ መስኮቱ ያስጠጉት። በማግስቱ እንዲያብብም አይጠብቁ፤ ሳምንታት ይፈጃል። አዲሶቹ ቅጠሎች ተቀራርበው መውጣት ሲጀምሩ ተክሉ ማገገሙን ይረዳሉ፤ እምቡጡም ከዚያ በኋላ ይከተላል።