በሆቴል ሜዳ ያደገችው ኦንስ

አማኑኤል ላይ ስፖርት አስተምራለሁ። ሴት ተማሪዎቼ ራኬት ጨብጠው አያውቁም፤ የቱኒዚያዊቷን ኦንስ ጃበርን ነገር ሳነሳ ግን ጆሯቸውን ይሰጡኛል። ቴኒስን በ3 ዓመቷ ከእናቷ ተማረች፤ ክለቧ የራሱ ሜዳ ስላልነበረው ልምምዷ በሆቴሎች ሜዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የፈረንሳይ ኦፕንን የታዳጊዎች ዋንጫ ወሰደች።

ከዚያ በኋላ ነው መከራው። በቴኒስ ሙያ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ የለም፤ ደረጃ የሚወጣው ባለፉት 52 ሳምንታት በተሰበሰበ ነጥብ ነው፤ የተጎዳች ትወርዳለች። ኦንስ የመጀመሪያ የደብሊው ቲ ኤ (የሴቶች ቴኒስ ማኅበር) ዋንጫዋን ያነሳችው በ2021 በበርሚንግሃም ነው። እኔን የሚማርከኝ ኳሷን ቀስ አድርጋ ቆርጣ ከመረቡ ማዶ ጠብ ስታደርጋት ነው፤ ተጋጣሚዋ ሮጣም አትደርስባት! በ2022 ከዓለም 2ኛ ሆነች። የዊምብልደንን ፍጻሜ በ2022 በሪባኪና፣ በ2023 በቮንድሮሶቫ ተሸነፈች።

መረብና ያገለገለ ራኬት ያላችሁ፣ እንደ እኛ ያሉ የገጠር ትምህርት ቤቶችን አስቡ።