ሶኬት ላይ የሚሰካው ሶላር

በርሊንም ሆነ ፍራንክፈርት፣ ቀና ብሎ ፎቆቹን ያየ ሰው የበረንዳው አጥር ላይ የታሰሩ ጥቁር ፓነሎች አያጣም። ዕቃው ቀላል ነው። አንድ ወይም ሁለት ፓነል፣ ከጀርባቸው መጽሐፍ የምታክል ኢንቨርተር፣ ከዚያ የሚወጣ ገመድና ጫፉ ላይ የተለመደው ስፒና። ስፒናው ሶኬት ላይ ሲሰካ የፀሐዩ ኃይል ወደ ቤቱ መስመር ይገባል፤ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም መጀመሪያ እሱን ይጠቀማሉ፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው ከውጭ የተጨመረውን ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ጀርመን ውስጥ የተመዘገቡት ከአንድ ሚሊዮን በልጠዋል።

ብዙዎች የሚፈሩት ስፒናው ሲነቀል ነው። ፀሐይ እያለ ፓነሉ ማመንጨቱን አያቆምም፤ ታዲያ የተነቀለውን ስፒና ልጅ ቢነካውስ? ኢንቨርተሩ የመስመሩን ኃይል ያለማቋረጥ ይከታተላል፤ ያ ኃይል ሲጠፋበት ሰከንድ ሳይሞላ ራሱን ያቋርጣል። ይህ ግን በትክክል ለተሠራ ዕቃ ነው። በ2023 ገበያ ላይ በሰፊው የተሸጡ ኢንቨርተሮች ደንቡ የሚጠይቀው ሪሌ (ኃይሉን የሚያቋርጠው መቀያየሪያ) ሳይኖራቸው ተገኝተው፣ አምራቹ የሪሌ ሳጥን ለብቻው ለማቅረብ ተገድዷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ አይታይምና ማንም አያስበውም። ብሬከር የሚቆጣጠረው በራሱ በኩል ያለፈውን ኃይል ብቻ ነው። 16 አምፒር ብሬከር ባለው መስመር ላይ 800 ዋት ሶላር ቢሰካ 3.5 አምፒር ያህል በሌላ በር ይገባል። በዚያው መስመር ላይ ምጣድና የውኃ ማፍያ አብረው ቢሠሩ ሽቦው ወደ 20 አምፒር ሊሸከም ይችላል፤ ብሬከሩ ግን 16 ብቻ ስለሚያይ ዝም ይላል። የጀርመን ሕግ ኢንቨርተሩን በ800 ዋት ይገድባል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የቤት ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ፣ የዩታ ግዛት በ2025 የፈቀደው 1200 ዋት 10 አምፒር ይሆናል። 15 አምፒር ብሬከር ላለው መስመር ይህ ብዙ ነው፤ ሕጉ ዕቃው በታወቀ ላቦራቶሪ ተፈትኖ ይረጋገጥ ማለቱ ተገቢ ነው።

ጀርመን ገደቡን ከ600 ወደ 800 ያሳደገችው በግንቦት 2024 ነው፤ የፓነሎቹ ድምር እስከ 2000 ዋት ይፈቀዳል። ለመብራት ድርጅቱ ለብቻ ማመልከት ቀርቶ በመንግሥት መዝገብ ላይ በአንድ ወር ውስጥ መመዝገብ ይበቃል፤ ክፍያ የለውም። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት አይከለክልም። ተከራይ ለሆነው ወገናችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መብራት ሲጠፋ ግን ይህ ዕቃ አብሮ ይጠፋል። ተቋርጧል የተባለ መስመር ላይ ኃይል እየላከ የጥገና ሠራተኛን እንዳይገድል ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ስለዚህ ለመብራት መጥፋት መፍትሔ ይሆናል ብላችሁ አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦች እንዳትልኩት፤ ለዚያ ባትሪና ራሱን ችሎ የሚሠራ ኢንቨርተር ያስፈልጋል።

ፓነሉን ነፋስ ነቅሎ መንገደኛ ላይ እንዳይጥለው አጥብቃችሁ እሰሩ። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን ይየው። ዲቫይደር ላይ ግን በፍጹም አትሰኩት፤ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሁን።